እናቷ የምታምነው ፎቶ

ሱወይዲ፣ አርብ ንጋት

የሱብሂ አዛን ካበቃ ብዙም አልቆየም። እህቴና ባሏ ተኝተዋል። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ካሜራዬን በዳይፐር ካርቶን ውስጥ እየደበቅኩ ነው። ከታች ካሜራው፣ ከላይ የእህቴ ልጅ ዳይፐሮች።

ይህን ገጽ የምትከታተሉ ታውቃላችሁ፤ እስከ ዛሬ የለጠፍኳቸው ፎቶዎች ሁሉ ዕቃ ናቸው። የሻይ ብርጭቆ፣ የተምር ሳህን፣ የበር እጀታ፣ ገመድ ላይ የደረቀ ልብስ። አንዱ አንባቢ "የምትኖሪበት ከተማ ሰው የለውም እንዴ?" ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ሰውስ ሞልቷል። ሰው ማንሳት ግን እፈራለሁ። ድሮም ዓይን አፋር ነኝ፤ እዚህ ደግሞ ሴት ልጅ ካሜራ ይዛ መንገድ ዳር ብትቆም ምን እንደሚመጣባት አላውቅም። ኢቃማዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የተሟላ ነው። ፍርሃቱ ግን በወረቀት አይለቅም።

ዛሬ ፊት ላነሳ ነው የምሄደው። ጀራዲያ በሚባል ሠፈር የተደበቀች አንዲት የወሎ ልጅ አለች፤ ስሟን ሰዓዳ ልበላት። ከአሠሪዎቿ ቤት ከጠፋች ወዲህ ወረቀት የላትም። ለወራት ስልክም አልነበራትም። ያኔ ብዙ ሰው እየተያዘ ወደ አገር ቤት ሲመለስ እናቷ ከተመላሾቹ መካከል ልጇን ፈልጋ አጣች። የጠየቀችው ሁሉ "ደህና ናት" አላት። በእኛ አገር መርዶ እስኪነገር ድረስ የሞተ ሰው ሁሉ ደህና ነው። እናትየው ነገሩ ገባኝ ብላ ለቅሶ ተቀመጠች። ሰዓዳ በመጨረሻ ስልክ አግኝታ ስትደውልም፣ "በልጄ ድምፅ የምትናገር ቀጥራችሁ አታታሉኝ" ብላ ዘጋችባት። ቀጥሎ ፎቶ ተላከላት። ያነሳው ባለ ሱቅ ከሰዓዳ ኋላ አበባና ፏፏቴ ጨምሮበት ስለነበር ነገሩ ጨርሶ ተበላሸ። በእነሱ ከተማ ያለ ፎቶ ቤት ፎቶ ቀጥሎ የሞተ አባትን ከሙሽራ ልጁ ጎን እንደሚያቆም እናትየው ታውቃለች። አሁን እህል መቅመስ ትታለች ይባላል።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ አስቴር ናት። እኔ በምሠራበት መዋለ ሕፃናት ጽዳት ላይ ናት፤ ሰዓዳን ያስጠጋቻትም እሷ ናት። "አንቺ ካሜራ አለሽ አይደል?" አለችኝ። አለኝ ከማለት በቀር ምን ልበል።

ሱለይ፣ ረፋድ

ሹፌራችን ሰይድ የደሴ ልጅ ነው፤ እህቴን ሁልጊዜ ገበያ የሚያደርሳት እሱ ስለሆነ ቤተሰቡ ያምነዋል፤ አስቴርንም ያውቃታል። እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። በመስታወቱ አየኝና፣

"እህቴ፣ ሕፃኑ እዚያ ውስጥ ነው እንዴ?" አለኝ።

"ካሜራ ነው።"

"ያ ሰላም! ሕፃን ቢሆን ይሻለን ነበር።"

በቀጥታ ጀራዲያ አልሄድንም። ጠዋት ጠዋት የሠፈሩ ወንዶች በየደጃፉ ተቀምጠው የሚወጣና የሚገባውን ያያሉ። ሰይድ የመረጠው ሁሉም ለጁምዓ ሰላት መስጊድ የሚገባበትን ሰዓት ነው። እስከዚያው ሱለይ ጋራዥ ለሚሠሩ ጓደኞቹ ዳቦ ሊያደርስ ነበር።

ሱለይ መጋዘን ብቻ ነው። ዘይት የጠጣ አሸዋ፣ ጎማቸው የተፈታ ከባድ መኪናዎች፣ በመስኮታቸው ፎጣ የተሰጣባቸው የሠራተኛ አውቶቡሶች። ከአፍጋኖቹ ምድጃ ትኩስ ታሚስ ዳቦ ገዝተን፣ የጓደኞቹን አድርሰን፣ የእኛን ከፉል ጋር መኪናው ውስጥ በላን። አንዱ ዳቦ በሪያል ነው፤ ለሁለት ሰው ይተርፋል።

"ወንድሜ፣ በመስኮት ብርሃን ፊት ማንሳት ልለማመድብህ?" አልኩት።

ሰይድ አገጩን ሰብስቦ፣ ትከሻውን ወጥሮ ተቀመጠ። ለኢቃማ የሚነሳ ነው የሚመስለው። ብርሃኑ ከኋላው ስለነበር ፊቱ ጥላሸት ሆኖ ወጣ። "ደሴ ይሄን ካየች አትቀበለኝም" ብሎ ሳቀ። ወደ መስኮቱ ዞር እንዲል አድርጌ እንደገና አነሳሁት። አሁን ጉንጩና አፍንጫው ተለይተው ታዩ፤ ሌላው ግማሽ ጥላ ውስጥ ገባ። ጥላውን የማጠፋበት መንገድ እያሰብኩ ሳለ መስታወቱ በጡጫ ተመታ።

የመጋዘን ጠባቂ ነው። "ተስዊር መምኑዕ!" ይላል፤ ፎቶ ክልክል ነው። ካሜራውን ዳይፐሩ ውስጥ ቀበርኩት። ሰይድ ወርዶ በአረብኛ ብዙ አወራ። ሰውየው ታርጋውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ታርጋውን አየ፣ ከዚያ በእጁ ሂዱ አለን።

"እንመለስ" አልኩ።

"መመለስ ትችያለሽ። ለአስቴር ግን አንቺው ንገሪያት። እኔ የዚያችን ልጅ ምላስ አልችልም።"

"ያላ፣ ንዳ" አልኩት።

ጀራዲያ፣ እኩለ ቀን

መንገዱ ጭር ብሏል፤ ሱቆቹ መዝጊያቸውን አውርደዋል። ሰይድ ደጃፉ ላይ አውርዶኝ ወደ ሰላቱ ሄደ። ብቻዬን ደረጃውን ወጣሁ። ክፍሉ ጣሪያው ላይ፣ ከውኃ ታንከሮቹ አጠገብ ነው። አስቴር በሩን በጣም በትንሹ ከፍታ ጎትታ አስገባችኝ።

መስኮቱ ሙሉ በሙሉ በሚያብለጨልጭ የወጥ ቤት ፎይል ተሸፍኗል። ሰዓዳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። የተዋሰችውን የጆሮ ወርቅ አድርጋ፣ ከመልኳ የነጣ ፓውደር ተቀብታለች። "እማ ከስታለች እንዳትል ብዬ ነው" አለችኝ፣ ፊቷን በእጇ ከልላ። እኔም አፍሬ ወለሉን አየሁ።

የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ሁሉ ደበዘዙ። ክፍሉ ጨለማ ነው። ፎይሉን ጥቂት ብንገልጠው አልኩ።

"ፎቶው ነው የሚሻለው ነፍሳችን?" አለች አስቴር። ግን ራሷ ተነስታ በጥፍሯ ፈለቀቀችው፣ ስንዝር ታህል። ብርሃኑ ከጎን ገብቶ የሰዓዳን ጉንጭ ነካ፤ ጥላዋ ግድግዳው ላይ ቆመ። ሱለይ ላይ ላጠፋው የፈለግኩት ጥላ እዚህ አስፈለገኝ። የተቀጠለ ፎቶ ጥላ የለውም። ካሜራውን የሩዝ ጆንያ ላይ አስደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ አነሳሁ። ጥርት ብሎ ወጣ።

ሦስታችንም አጎንብሰን አየነው። ሰዓዳ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። በመጨረሻ አስቴር፣ "በስመ አብ! ይሄማ የሙት ዓመት ፎቶ ነው" አለች።

"አፍሽን ያዢ!" አለች ሰዓዳ። ግን እሷም አይታዋለች።

ሳቂ አልናት፤ ሳቀች፤ ባሰ።

እንደገና ላስተካክል ስል በሩ ተንኳኳ።

አስቴር ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። ሁለተኛ ተንኳኳ። የወንድ ድምፅ ስለ ታንከሩ ነው መሰለኝ አንድ ነገር አለ። ሰላት ገና አላለቀም፤ ማን ነው የሚመጣው? እጀታው ወደ ታች ወረደ።

"ሐሪም! ሐሪም!" ብላ ጮኸች አስቴር፤ ውስጥ ሴቶች ናቸው፣ ወንድ የለም ማለቷ ነው። "ማፊ ራጅል!"

ያን ጊዜ ጣቴ የማንሻው ቁልፍ ላይ እንዳለ ሳላስበው ተጫነ። የካሜራው ድምፅ ክፍሉን የሞላው መሰለኝ። አስቴር ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ከውጭ ማጉረምረም ሰማን፤ ቀጥሎ ነጠላ ጫማ ጠፍ ጠፍ እያለ ደረጃውን ወረደ።

ከዚያ ፎቶውን አየን። ሰዓዳ ከፍራሹ ግማሽ ተነስታለች። ሻርፗ ወርዶ ያልታሰረው የፀጉሯ ጎን ወጥቷል። አንድ እጇ ግድግዳውን ይዟል፤ ዓይኗ በሩ ላይ ነው፤ የአንገቷ ሥር ተገትሯል። ጥላዋም አብሯት ተነስቷል።

"ይቺ ናት" አለች አስቴር።

"ወላሂ አይሆንም። እማ እንዲህ ፈርቼ ትየኝ? ይሄኛውማ ጨርሶ ይገድላታል።"

ሰው ፊት መከራከር አልችልም፤ ዩኒቨርሲቲም እያለሁ እጄን አላወጣም ነበር። ግን ሁለቱም እኔን ያዩ ነበር።

"ደህና መሆንሽን ሁሉም ነግሯታል" አልኳት። "ያላመነችው እኮ እሱን ነው።"

ሰዓዳ የሻርፗን ጫፍ በምራቋ አርሳ ፓውደሩን ከፊቷ ጠረገች፣ እስኪለቅ። "ኸላስ፣ ላኪው" አለች።

ፎቶውን ወደ ሰዓዳ ስልክ አሻግረን ኮምቦልቻ ላለው ለአጎቷ ልጅ ላክንለት። ሲደርሰው፣ በባጃጅ ወደ እናትየው እየሄደ መሆኑን ጻፈ። አስቴር ፎይሉን መልሳ ለጠፈች።

መንገድ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ

ዋናው ጎዳና ላይ መኪናዎች ተሰልፈዋል። ፍተሻ ነው። ሰይድ ቀልዱን አቆመ። እኔ ኢቃማዬን አወጣሁ፤ ለራሴ አልነበረም የፈራሁት። ካርቶኑ ውስጥ የሰዓዳ ፊት አለ፤ ከኋላዋ ያ ግድግዳ፣ ያ ፍራሽ፣ ያ መስኮት። ፖሊሱ ሦስት መኪና ሲቀረው ካሜራውን በአባያዬ ሥር ከፈትኩ። በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ የሚሻለው ያ ነበር። አጠፋሁት። ስለዚህ በዚህ ገጽ ላይ አታዩትም።

ፖሊሱ ወረቀታችንን አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ ዳይፐሩን አይቶ "ያላ" አለ።

ሱወይዲ፣ ቤት ደጃፍ

ቁልፉን በሩ ውስጥ ሳስገባ ስልኬ ጮኸ። ሰዓዳ ናት።

"አየችው" አለች። "ራሷ ደወለችልኝ።"

"ምን አለች?"

"'ማን ነው ያስደነገጠሽ?' አለችኝ።"

ሰዓዳ አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማኛል።

"ምን አልሻት?"

"ምን ልበላት እህቴ? 'ፎቶ አንሺዋ ናት እማ' አልኳት። አውፍ በይኝ። እስካሁን እየረገመችሽ ነው፤ 'ይቺ መሃይም፣ ሰው አስደንግጦ ፎቶ ማንሳት የት አገር ነው!' እያለች።"

"እህልስ?" አልኩ።

"አብሽሪ" አለች ሰዓዳ። "እየጎረሰች ነው የምትረግምሽ።"