በግንቦት የጠፋው ቬንትሌተር

የወንድሜን የሰለሞንን ልጅ ሄለንን የላፕቶፗ ቻርጀር ሰሞኑን እንደገና አስቸገራት። ገመዱን ወደ ግራ ታጥፈዋለች፣ ወደ ቀኝ ትጠመዝዘዋለች፤ መብራቷ ብልጭ ስትል ትንፋሿን ይዛ እጇን ቀስ አድርጋ ታነሳለች። መብራቷ ድርግም ትላለች። «ሶኬቱ ነው» አለች። «ሶኬቱ አይደለም፣ ከሚታጠፍበት ነው የተበጠሰው» አልኳት። «አክስቴ ደግሞ ስለ ላፕቶፕ ምን ታውቃለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ስለ ላፕቶፕስ ምንም አላውቅም። ስለሚበጠስ ገመድ ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ።

ነገሩ የሆነው ደርግ ሊወድቅ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ በግንቦት ነው። ድሬዳዋን በግንቦት ያላየ ሰው ሙቀት አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ሠፈራችን ከዚራ ከነዚያ ሁሉ ዛፎቿ እኩለ ቀን ላይ ጭር ትላለች፤ ድመቱ ሳይቀር ቧንቧ ሥር የረጠበ መሬት ፈልጎ ይዘረራል። ቤታችን አባቴ የባቡር ሠራተኛ ሳለ ያገኘው ባለ ቆርቆሮ የድሮ ቪላ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ እማዬ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሰለሞን ቀረን። ሰለሞን አሥራ ስምንት ሞልቶታል። ያን ጊዜ አሥራ ስምንት መሙላት እልል የሚባልበት ነገር አልነበረም። አፈሳ ነበራ። ከሠፈራችን ታፍሰው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከሄዱት ልጆች የአንዱ ብቻ ወሬ ደርሶናል፣ እሱም መርዶ ነው።

እማዬ ሰለሞንን ኮርኒስ ላይ ደበቀችው። ለጎረቤት «አዲስ አበባ አጎቱ ጋ ሄዷል» ተባለ። ቆርቆሮ ሥር በግንቦት ሰው እንደ ዳቦ ይጋገራል፤ ስለዚህ የሳሎናችንን ቬንትሌተር አወጣንለት። ገመዱ ከኮርኒሱ መግቢያ በመኝታ ቤቱ ቁም ሳጥን ጀርባ ወርዶ ግድግዳው ላይ ይሰካል። ምልክትም አደረግነው። በር ሲንኳኳ እማዬ ትነቅለዋለች፤ ቬንትሌተሩ ቆመ ማለት ሰው መጥቷል፣ ትንፍሽ እንዳትል ማለት ነው።

ዘዴው ጥሩ ነበር፣ ገመዱ ባይበጠስ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ራሱ ቆመና ሰለሞን ሰው መጣ ብሎ ድርቅ ብሎ ተኛ። እኛ ደግሞ ገበያ ነበርን። ስናወርደው ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ መናገር አቅቶታል። እማዬ ውሃ በማንኪያ እያጠጣችው አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ቬንትሌተሩ ሲቆም ጣውላውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርግ ጀመር፤ «ገመዱ ነው እንዴ?» ማለቱ ነው።

ስፒናውን ቀየርኩት። የተበጠሰ የመሰለኝን ቦታ በፕላስተር ጠመጠምኩት። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ አይደል፣ ተመልሶ ቆመ። ወንዙን ተሻግሬ መጋላ ገበያ ሄጄ አዲስ ገመድ ገዛሁ፣ እሱም ተበጠሰ። የሚሸጥልኝ አብዲ ሬዲዮም ቬንትሌተርም የሚጠግን፣ የዛሬን ሥራ ዛሬ ሰጥቶ የማያውቅ፣ ለሁሉም ሰው «ነገ ነይ፣ ነገ ና» የሚል ሰውዬ ነበር። ሌላ ገመድ ስጠኝ ስለው አሮጌውን ተቀበለኝና በጣቶቹ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ላዩ ደህና ነው፣ ውስጡ መዳቡ ተቆርጧል።

«አቦ አልማዝ፣ ይሄ ገመድ ላይ በር ትዘጊበታለሽ እንዴ?»

«የምን በር?»

«እኔ ምን አውቄ። በርም ይሁን ክዳን፣ የሚጫነው ነገር አለ።»

የኮርኒሱ ክዳን ነዋ! ሰለሞን ምግብ ለመቀበል ሲከፍት ሲዘጋ ገመዱን ይቀረጥፈዋል። አብዲ ቀና ብሎ አላየኝም። የውሃ ጎማ ቁራጭ ሰጥቶኝ «ገመዱን በዚህ ውስጥ አሳልፊው። ክዳኑንም ቀስ» አለኝ። ገመዱ በዚያው ዳነ፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ገመድ ላይ ክዳን የሚዘጋ ምን ዓይነት ቤት ነው? አውቋል። ለአንድ ሰው ቢናገርስ?

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ እኩለ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ በቀለ አንድ አብዮት ጠባቂ አስከትሎ መጣ። ድሬ ላይ ትልቁም ትንሹም አንተ ነው የሚባባለው፤ በቀለን ግን ከፍርሃት የተነሳ አንቱ እንለው ነበር። እማዬ ቬንትሌተሩን ነቅላ በሩን ከፈተች። በቀለ ተቀምጦ ግንባሩን እየጠረገ ስለ ሰለሞን ጠየቀ። ውሃ አቀረብኩለት። ሳይጠጣ ሳሎኑን ዞር ዞር ብሎ አየ። በእኛ አገር በሙቀት ወራት እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ቬንትሌተሩ ወደ እሱ ይዞራል፤ ውሃው ከዚያ በኋላ ነው። እንዴት ይሄን ሳናስብ ቀረን!

«ቬንትሌተራችሁስ?» አለ።

ይሄኔ ከላይ ኳ ኳ አለ። ሰለሞን ገመዱ የተበጠሰ መስሎታል።

«ይሄ አይጥ ደግሞ!» አለች እማዬ፣ ወደ ላይ ሳታይ።

«መጋላ አብዲ ጋ ነው» አልኩ እኔ ቶሎ ብዬ። «ገመዱ እየተበጠሰ አስቸገረን።»

ከስም ሁሉ የሱ ስም ከአፌ ወጣ። በቀለ ኮርኒሱን አየት አደረገና «በግንቦት ያለ ቬንትሌተር ይኖራል እንዴ? ቢሮ ደርሼ በዚያው ማለፌ ነው፣ እኔ አስጨርስላችኋለሁ» ብሎ ተነሳ። ጠባቂውን በራችን ደፍ ላይ አስቀምጦት ሄደ። ጠባቂው እዚያ እስካለ ድምፁ ስለሚሰማ የሰለሞንን ቬንትሌተር መልሰን መሰካት አንችልም። ልጁ ደግሞ ያን ሙቀት ያለ ነፋስ ብዙ አይችለውም።

በቀለ ሳይቀድመኝ አብዲ ጋ ለመድረስ ዘንቢል አንጠልጥዬ ወጣሁ። መሮጥ አይሆንም፤ በዚያ ፀሐይ የሚሮጥ ወይ ሌባ ነው ወይ የሚደብቀው አለው። በደረቁ ወንዝ በኩል አቋረጥኩ። አሸዋው በጫማዬ ዘልቆ ያቃጥላል፣ ሀብሀብ ሻጮቹ «ነይ ቅመሺ» ይሉኛል፣ እኔ የማስበው የሰለሞንን ከንፈር ነው። አብዲ ሱቅ ስደርስ የወጣልኝ አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ቬንትሌተሬ አንተ ጋ ነው።»

አብዲ አየኝ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለ። ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤቱ በመጋረጃው ገባና አንድ ቬንትሌተር ይዞ ወጣ፤ ክንፎቹ ገና መዞር አላቆሙም ነበር። ገመዱን በፒንሳ ቆርጦ ጠረጴዛው ላይ በታተነው። ወዲያው በቀለ ገባ።

«የነአልማዝ ቬንትሌተር የታለ?»

«ይኸው! ነገ ነይ ብላት አልሰማ ብላ ቆማብኛለች።»

በቀለ ሞተሩን በመዳፉ ነካው። «ሞቋል።»

«ሞክሬው ነዋ። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ገመዱ ነው የሞተው።»

በቀለ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። «በል ጨርስላት» ብሎ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። አብዲ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የዛሬን ሥራ ዛሬ ጨረሰ። በቀለ ቬንትሌተሩንም እኔንም በመኪናው ይዞ ከዚራ ተመለሰ፤ ሳሎናችን ውስጥ በገዛ እጁ ሰክቶ ፊቱ አስቀመጠው። ቬንትሌተሩ ያጓራ ጀመር።

«ብርጭቆ ላምጣ» ብላ እማዬ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ብርጭቆ መኝታ ቤት ምን ይሠራል? ገባኝ። የሰለሞንን ሰካችው! ጆሮዬን ጣልኩ። የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ የታችኛው የላይኛውን ውጦታል። በቀለ ሸሚዙን ከፍቶ ዓይኑን ጨፍኖ ነፋሱን ይቀበላል፤ ከራሱ በላይ ሰለሞንም እንደዚያው። ሲበቃው ጠባቂውን አስከትሎ ሄደ። ከዚያች ቀን በኋላ የሳሎኑን ከፍተን የላዩን ያለ ስጋት አዞርነው።

ክረምት ሲገባ ሰለሞንን በአብዲ ዘመዶች በኩል ወደ ጀልዴሳ ገጠር ሸኘነው፤ ደርግ እስኪወድቅ እዚያ ፍየል ጠበቀ። እኔም በሸኘነው ማግስት ቬንትሌተሩን ልመልስ አብዲ ጋ ሄድኩ። ሚስቱ ፋጡማ ሕፃን አቅፋ ከመጋረጃው ወጣች። ለካ በግንቦት አራስ ነበረች። የልጁ አንገት ሙቀት የጨረሰው፣ ሽፍታ በሽፍታ ነው። «ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስብኝ በሰሌን ማራገብ ነው፣ እጄ ቬንትሌተር ሆኖልሽ ነበር» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ልጁን ተቀብያት እቅፌ ውስጥ እስኪተኛ ያዝኩት።

ያ ሕፃን፣ ጀማል፣ ዛሬ የአባቱን ሱቅ ይዟል። የሄለንን ቻርጀር ወሰድኩለት፤ በጣቶቹ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ «ከሚታጠፍበት ነው፤ ነገ ነይ» አለኝ። ቤት ስመለስ ሄለን ተነጫነጨች። «ይሄ ሰውዬ ሁልጊዜ ነገ ነው የሚለው። ለምን ሌላ ጋ አንሄድም?»

«ትጠብቂዋለሽ» አልኳት። «እሱ በጨቅላነቱ አባትሽ እንዲተነፍስ ብሎ በሙቀት አልቅሷል።»

ግራ ተጋብታ አየችኝ። አባቷ ስለዚያ ጊዜ ማውራት ስለማይወድ ምንም አልነገራትም። ቁጭ በይ አልኳትና ቬንትሌተሩን ወደ እሷ አዞርኩላት።