የእሜቴ ሞደም

ቢሮአችን ውስጥ ሥራ አስኪያጅ ነበረን፤ አለቃችን ግን እሜቴ ነበረች። ጸሐፊ ናት። ስሙን ያወጣንላት እኛ ነን። ፊቷ ቆመን ግን «እትዬ» ነው የምንላት፤ ማን ደፍሮ?

ሥልጣኗ የመጣው ከአንዲት ትንሽ ሣጥን ነው። መሥሪያ ቤቱ የፋክስ ሞደም ሲገዛ ለየሰዉ አንድ አንድ ለመግዛት እጁ አልፈታ አለ። ስለዚህ «ሽቦ» የምንለው ቴክኒሻን ሞደሙን እሜቴ ኮምፒውተር ላይ ሰካና የሁላችንንም ኮምፒውተር በገመድ ከእሷ ጋር አገናኘ። ከዚያ ወዲያ ማንም ከወንበሩ ሳይነሳ ፋክስ መላክ ይችላል፤ እሜቴ ኮምፒውተሯን ካልዘጋች። ምሳ ስትወጣ ትዘጋዋለች። ስትቆጣም ትዘጋዋለች። የስልክ መስመሩ አንድ ስለሆነ የሁላችንም ፋክስ እሷ ስክሪን ላይ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል፤ መቅደም ብሎ ነገር የለም። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ «የኔ ይቅደም» ብሎ ቢልክባት፣ «ጌታዬ፣ መስመሩ ወንበር አያውቅም» አለችው። ሰውዬው እንደ ተማሪ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ደስ ሲል!

እንግዲህ ይህችን ሴት ነው ሌላ ከተማ ያለው የቅርንጫፋችን ንብረት ክፍል ኃላፊ ደፍሮ ልቡን የጣለባት። እሱ ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል፤ እሷም አግብታ አታውቅም። ጆሮው ስለሚከብደው ስልክ አያነሳም፤ ነገሩ ሁሉ በፋክስ ነው። ስለ ጎማና ስለ ሳሙና ጽፎ ሲጨርስ ግርጌው ላይ «ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ?» ይላል። እሷም በመልሷ ግርጌ «አንተ ምን አገባህ?» ትላለች። ይሄ ለዓመታት ሲሄድ እኛ ወሬኞቹ አልሰማንም፤ የሚገባው ፋክስ የሚከፈተው እሷ ጋ ብቻ ነበራ።

ታዲያ ሥራ አስኪያጁ «ሰው ሁሉ ፋክሱን አላየሁም እያለ አስቸገረኝ» ብሎ ሽቦን አዘዘው። ሽቦ ደግሞ ኩል ልኳል ብሎ ዓይን የሚያጠፋ ሰው ነው። የሚገባው ፋክስ በሙሉ በሁላችንም ስክሪን ላይ እንዲከፈት አደረገው። ለእሜቴ ትንፍሽ ያለላት የለም።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ እሜቴ ፎቶ ኮፒ ልታነሳ ወጣ እንዳለች፣ ይሄ ፊታችን ላይ ተከፈተ፦ «ጎማ አልቋል። ሳሙና አለ። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮውን አስረክባለሁ። ከተስማማሽ እንጋባ። መልስ ካላየሁ ግን አላስቸግርሽም፤ አውቶቡሴን ተሳፍሬ እህቴ ጋ እገባለሁ።»

እሜቴ ስትመለስ ሁላችንም ሥራ ገደለን። እኔማ ባዶ ወረቀት አገላብጣለሁ። ስክሪኗን አየች፤ ከዚያ የኔን አየች፤ ከዚያ የሽቦን።

«ጉድ ፈላ!» አለች። «ቆይ ሽቦ፣ በገዛ ገመድህ ባልሰቅልህ!»

ግን ቁጭ ብላ ጻፈች። ስትልከው ከፊቱ ሁለት ፋክስ ተሰልፏል። አንዱ የኔ ነው፤ ቶሎ ብዬ ሰረዝኩት። ሌላው የሥራ አስኪያጁ ሰነድ ነው፤ ትራስ የሚያህል፤ እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው። ሰዓቱ ደግሞ ወደ ዘጠኝ ይጋልባል።

«እትዬ፣ የሰውዬውን ሰርዢው እንጂ!» አልኳት።

«ተራ ተራ ነው» አለች፤ ዓይኗ ግን ሰዓቱ ላይ ነው። አንጀቴን በላችው። ይቺ ሴት በገዛ ሕጓ ትዳሯን ልታጣ ነው!

ሥራ አስኪያጁ ከክፍሉ ብቅ አለ። እሱም አንብቧል፤ ስክሪን አለው።

«መስመሩ ወንበር አያውቅም አይደል?» አላት። ቂመኛ!

እሜቴ ቀና ብላ አየችው። «ወንበር አያውቅም» አለች፤ «ዕድሜ ግን ተራ አይጠብቅም» ብላ ሰነዱን ከነነፍሱ ቀበረችው።

የሷ ወረቀት ሄደ። ምን ብላ እንደጻፈች አላየንም፤ ሽቦ ስለሚወጣው ፋክስ አላሰበበትም፤ እሱ መቼ ሙሉ ሥራ ሠርቶ ያውቃል? ሁላችንም ስክሪን ላይ አፈጠጥን። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቂሙን ረስቶ የኔን ወንበር ተደግፏል።

መልስ ገባ። «ደርሶኛል። «እሺ» የምትለዋ ቃል ግን ደብዝዛ ነው የመጣችው፤ እባክሽ ድገሚልኝ።»

«ውሸታም!» አለች እሜቴ፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ። ይሄን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ የተሰረዘበትን ሰነድ እንደገና ሊልክ ወደ ክፍሉ ተንደረደረ።

«ይቆዩ፣ ጌታዬ» አለችው፤ ሁለተኛውን «እሺ» እየጻፈች። «ተራው የኔ ነው።»