በሦስት ስም የምጠራበት ግቢ

ባለፈው ሰሞን ለገሃር ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ «ሐጎስ!» ብላ ስትጣራ እኔ ሽማግሌው «አቤት!» ብዬ ዞርኩ። የጠራችው ጎረምሳ ልጇን ነበር። ሁለቱም ሳቁብኝ። ይሳቁ፤ እኔ ግን ታክሲው መጥቶ ሲሄድ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

መታወቂያዬ ላይ ደስታ ነኝ። ካዛንቺስ፣ በአንድ የቆርቆሮ አጥር ውስጥ ሦስት ቤት ሆነን ስንኖር ግን ስሜ ሦስት ነበር። እናቴ የመንዝ ሰው ናት፤ ከእኔ በፊት ልጆች ቀብራ እኔ ስተርፍላት ደስታ አለችኝ። በግራችን የአክሱሟ አደይ ለተ፣ በቀኛችን የአምቦዋ አዴ ጫልቱ ነበሩ። እናቴን ምጥ ሲይዛት ያዋለዷት እነሱ ናቸውና፣ ደስታው የእኛም ነው፣ በሰው ቋንቋ አንጠራውም ብለው አንዷ በትግርኛ ሐጎስ፣ ሌላዋ በኦሮምኛ ገመቹ አሉኝ። ሁሉም ያው ደስታ ማለት ነው፤ እናቴም አልተቀየመች።

በቃ እንደዚያ አደግሁ። ስሜ ሲጠራ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቅ ነበር፤ ደስታ ከተባልኩ ወይ ቁጣ ወይ ውኃ መቅዳት ነው፣ ገመቹ ከተባልኩ እህል ተሸክሜ ወፍጮ ቤት መሄድ ነው፣ ሐጎስ ከተባልኩ ግን ጥቁር አዝሙዱ ገና ከሩቅ የሚሸት ትኩስ ሕምባሻ ነው፤ ስለዚህ ሦስቱም አንዴ ሲጣሩ እግሬ ወዴት እንደሚሮጥ ግቢው ሁሉ ያውቃል።

«ሆዳም! ለሥራ ሲጠሩህ ደንቆሮ፣ ለሕምባሻ ሐጎስ!» ትለኛለች እናቴ።

«ተይው እቴ፣ በልቶ ይመጣልኛል» ትላለች አዴ ጫልቱ።

እናቴ እዚያው ግቢ ሞተች፤ ቂርቆስ ቀበርናት። አደይ ለተም አረፈች። ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰና እኔ ወደ አንዱ ኮንዶሚኒየም፣ አዴ ጫልቱ ከልጆቿ ጋር ወደ ሌላው፣ ከከተማው ዳርና ዳር ተጣልን። ቤት የለኝም አልልም፤ ፎቅ ላይ ነኝ፣ ቧንቧውም ውስጥ ነው። ጎረቤቶቼ «አባባ» ይሉኛል። አባባ ደግሞ ስም አይደለም።

ያን ቀን ከለገሃር ወደ ቤቴ አልተመለስኩም። ገመቹ የሚለኝ አንድ ሰው ገና አለ ብዬ፣ ታክሲ እየቀያየርኩ አዴ ጫልቱ ዘንድ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ የልጅ ልጇ፣ «አባባ፣ ሰው መለየት ትታለች፤ እንዳይከፋዎት» አለችኝ። አይከፋኝም ብዬ ገብቼ አዴ ጫልቱ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

አተኩራ አየችኝ። «አንተ ደግሞ የማን ሽማግሌ ነህ?»

«ገመቹ ነኝ፣ አዴ።» ዕድሜዬን ሙሉ ስጠራበት እንጂ በራሴ አፍ ብዬው አላውቅም ነበር።

ሳቀች። «ገመቹማ ልጅ ነው። ወፍጮ ቤት ልኬው ቆየብኝ።»

ተነሥታ መስኮቱን ከፈተችና፣ ታች ኳስ ወደሚጫወቱት ልጆች፣ ያንኑ የግቢያችንን ድምፅ አውጥታ «ገመቹ! ገመቹ!» ብላ ተጣራች። አንድም ልጅ ቀና አላለ።

«አቤት» አልኳት ከኋላዋ።

ዝም በል ብላ እጇን አወዛወዘችብኝና፣ ይመልስላት እንደሆነ ጆሮዋን ወደ ውጭ ሰጠች።