ቀዳዳ የሌለው ማኅተም

የተያዝኩት ከክፍል ነው። ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን ሒሳብ ሳልጨርስ ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመው በትሕትና "አንዴ ይፈለጋሉ" አሉኝ። ጠመኔውን ኪሴ ከትቼ ተከተልኳቸው። ሶዶ እስር ቤት ስገባ ጣቶቼ ገና ነጭ ነበሩ። ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው።

ክፍሉ የጭቃ ግድግዳና የአፈር ወለል ነበረው። ክረምት ስለነበር ከቆርቆሮው የሚወርደው ጠብታ አንዱን ማዕዘን አረንቋ አድርጎታል። እስረኞቹ በደረቁ በኩል ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። በሩ አጠገብ፣ ከእርጥቡ ጋር፣ አንድ ሽማግሌ ለብቻቸው ነበሩ። ማንም ሳይነግረኝ አንጥረኛ መሆናቸውን አወቅሁ። በአገሩ ልማድ ብረት የሚያቀልጥ ሰው ከሌላው ጋር አይጋባም፣ ከአንድ ገበታም አይቆርስም። እኔም ከሰሜን የመጣ ወታደር የልጅ ልጅ ነበርኩና ልማዱን አጥብቄ ይዤ ነበር። ዛሬ "እሳቸው" እያልኩ እጽፋለሁ፤ ያኔ አባቴ የሚሆኑትን ሰው "አንተ" ነበር የምላቸው።

በምሳ ሰዓት ባለቤታቸው ያመጡላቸውን ቅቅል ጎደሬ ከኮባ ቅጠሉ ፈተው ግማሹን ወደ እኔ ዘረጉ። አዲስ ገቢ ስለሆንኩ ምግብ አልመጣልኝም ነበር።

"ጾም ነኝ" አልኩ። ቀኑ ረቡዕ ስለነበር ጥሩ ያመለጥኩ መሰለኝ። እጃቸውን ሰበሰቡ።

ማታ ላይ ሽማግሌው የታሰሩበትን ምክንያት ከጎኔ ያለው እስረኛ ነገረኝ። በበዴሳ በኩል ያሉ ጭሰኞች በባለርስቱ ላይ ያቀረቡትን አቤቱታ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የተያዝኩትም በእጅ ጽሑፌ ነው። ጭሰኞቹ ማኅተም የሌለው ወረቀት የትም ቢሮ አይነበብም ብለው ስለነበር፣ ማኅተም ተገኘላቸው። ያለ ፈቃድ ማኅተም ሠርተዋል ተብለው የታሰሩት እኒህ ሽማግሌ ነበሩ።

ማኅተሙን የሠራሁት ግን እኔ ነበርኩ። ከቤቴ ጓሮ የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ድስትና ክዳን እያቀለጥኩ፣ አሸዋ ላይ ቅርጽ አትሜ በዚያ ፎርማ እያፈሰስኩ የበር እጀታና የቀበቶ ዘለበት መሥራት እወድ ነበር። ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ የለም፤ "መምህሩ ቀጥቃጭ ሆነ" እንዳልባል እደብቀው ነበር። ፖሊሶቹም ማኅተሙን ሲያገኙ ሌላ ሰው አልጠረጠሩም፣ በቀጥታ ወደ አንጥረኛው መንደር ሄዱ። የጨዋ ልጅ ወናፍ ይነፋል ብሎ ማን ያስባል? ለአቤቱታው ጥቂት ወራት፣ ለማኅተሙ ዓመታት እንደሚፈረድ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ለሁላችንም ማማረር ጀመሩ። ከመታሰራቸው ይልቅ ያንገበገባቸው የሰው ብልሹ ሥራ የእሳቸው መባሉ ነበር። ማኅተሙን በምርመራው አሳይተዋቸዋል፤ የፊደሎቹ ጠርዝ ተሸርፏል፣ መካከሉ ላይም ቀዳዳ አለው። እውነት ነው፣ ነበረው። ያ ቀዳዳ ስንት ጊዜ አበሳጭቶኛል። ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝና ቀዳዳው ከምን እንደሚመጣ ጠየቅሁ።

አውራ ጣቴ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ አተኩረው አዩት።

"አሸዋዋ ውሃ ጠጥታለች፣ አስተማሪ" አሉ። "ትኩሱ ብረት ሲነካት ውሃው እንፋሎት ይሆናል። መውጫ ካላገኘ ብረቱን ይበሳል።"

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አስተማሩኝ። ከልብስ ሳሙና በማንኪያ እጀታ ቅርጽ ጠረቡ፤ ጎኑን ቀጥ አላደረጉትም፣ ከታች ጠበብ ከላይ ሰፋ አድርገው አዘነበሉት፣ ከአሸዋው ሲወጣ ጠርዙን እንዳያፈርስ። ላዩን አመድ ነሰነሱበት። አሸዋውን በጭብጤ ጨብጬ ለሁለት እንድቆርሰው አዘዙኝ፤ ቁራጩ ሳይፈረፈር ከቆመና መዳፌ ላይ ካልተጣበቀ እርጥበቱ ልክ ነው። በቀጭን ስንደዶም ወጋ ወጋ አደረጉት፣ እንፋሎቱ መውጫ እንዲያገኝ። በወለሉ አፈር ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አላውቅም። ስሳሳት እጄን ይዘው ይመልሱኝ ነበር።

አንድ ቀን እንዲያ እጄን እንደያዙ "ያንን ማኅተም የሠራሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ጣትዎ ነገረኝ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"እኔን ማን ያምናል? ይሄ ከእርስዎ አፍ ነው መውጣት ያለበት።"

በማግስቱ ለእስር ቤቱ ሹም ተናዘዝኩ። ሳቀብኝ። ሽማግሌው አስማት አድርገውብኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሠርቼ ላሳይህ ስለው፣ ለመሳቅ ይመስለኛል፣ ፈቀደ። እስረኞች በሚሠሩበት ዳስ ከሰልና ወናፍ፣ አንድ የተሰበረ ድስትም ተሰጠኝ። እስረኛው ሁሉ ከበበን። ሽማግሌው ከኋላ ቆመው አንገታቸውን አስግገው ያዩኝ ነበር።

ያን ቀን ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደ ድሮዬ አበላሽቼ መሥራት። ቅርጹን ቀጥ አድርጎ መጥረብ፣ አሸዋውን ማርጠብ፣ ያንኑ ቀዳዳ ማውጣት። አላሰብኩትም። መምህሬ እያዩኝ ነበርና የማስበው እሳቸውን ላለማሳፈር ብቻ ነበር። ጎኑን አዘነበልኩ፣ አመዱን ነሰነስኩ፣ አሸዋውን ጨብጬ ቆረስኩ፣ በስንደዶ ወጋሁ። አፈሰስኩ። ፎርማውን ስሰብረው ማኅተሙ እንከን የለሽ ሆኖ ወጣ።

ሹሙ የቀድሞውንና አዲሱን ማኅተም ጎን ለጎን ይዞ አያቸው። "ይህን የሠራ እጅ ያንን አይሠራም" አለ። የሽማግሌው ዓይን ስለደከመ ቀዳዳ ያወጡት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ደግሞ ከመጽሐፍ ያነበብኩ አዛኝ መምህር ነኝ ተባለ። ዞር ብዬ ሽማግሌውን አየሁ። የእኔን ማኅተም እያዩ ፈገግ ብለዋል። ያን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልቻልኩትም።

ሽማግሌው ተፈርዶባቸው ወደ ሌላ እስር ቤት የሚወሰዱበት ቀን አርብ ሆነ። ባለቤታቸው ጎደሬ ይዘው መጡ። ከደረቁ በኩል ተነሥቼ እርጥቡ ላይ፣ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። እስረኞቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

"አባቴ፣ ያካፍሉኝ" አልኩ።

"ዛሬ ጾም አይደለም?"

"ነው። ጎደሬ ግን ጾም አያስገድፍም።"

"ያን ቀንም አያስገድፍም ነበር" አሉና ቆርሰው ሰጡኝ። ከአንዱ ኮባ በላን።

እኔ በጥቂት ወራት ተፈታሁ። ወደ ሽማግሌው መንደር ሄጄ ነበር፤ እሳቸው አልተመለሱም። ለባለቤታቸው የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰምተው ወደ ቤት ገቡ።

አሁን አርጅቻለሁ፤ ወናፌንም ከጓሮ አውጥቼ በር ላይ በግልጽ እነፋለሁ። አንዳንድ ቀን ያን የመጀመሪያ ማኅተም ደግሜ ለመሥራት እቀመጣለሁ፣ ከነቀዳዳው። አሸዋውን አረጥበዋለሁ፣ ቅርጹንም ቀጥ አድርጌ እጠርበዋለሁ። ከዚያ፣ ልክ ላፈስ ስል፣ እጄ ስንደዶውን ያነሣል።