ቀዩ አፈር ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር

ልጅ ሳለሁ ምሽት ማለት ለእኔ የኩራዝ ጭስ፣ የከሰል ፍምና የጋሽ መክብብ ወሬ ነበር። ያኔ የምንኖረው ገርጂ ጫፍ ላይ ነው። ከቤታችን ወዲያ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር፤ ማሳውን አቋርጦ ወደ አራብሳ በሚወስደው በኩል ግማሽ ሰዓት ያህል ሲኬድ አባቴ የሚሠራበት የድንጋይ ካባ ይገኛል፤ ጥቁር ድንጋይ ከገደል እየተፈነቀለ ለግንብ የሚፈለጥበት ቦታ። መብራት ሰፈራችን ገና አልደረሰም። አውሮፕላን ግን ጣሪያችንን ሊነካ ምንም ሳይቀረው እየዞረ ቦሌ ያርፍ ስለነበር፣ መብራት የምናየው ከሰማይ ነበር።

ጋሽ መክብብ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይተው የመጡት እኔ ሦስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ነው። ብቻቸውን ነበሩ። ከአንድ አልጋና ከአንድ ወንበር ሌላ ሁለት ከባድ የእንጨት ሣጥን ነበራቸው። እናቴ ፋጡማ ብርጭቆና ሳህን መስሏት ተሸካሚዎቹን «ቀስ! ቀስ!» እያለች ስትቆጣ ቆየችና፣ ክዳኑ ሲከፈት ድንጋይ ሆኖ አገኘችው። አባቴን ወደ ጥግ ወስዳ፣ «ሰይድ፣ አንተ ስትፈልጠው የምትውለውን እኚህ ሰውዬ በጋሪ አስጭነው አመጡት» አለችው።

ጂኦሎጂስት ናቸው። አባቴ ቃሉ ምላሱ ላይ አልቀመጥ ስላለው «መሬት አንባቢው» ነበር የሚላቸው። እሱ ከወሎ መጥቶ በድንጋይ ፈለጣ ያረጀ፣ የአሥራ ሁለት ፈላጮች አለቃ ነበር። ማታ ሲገባ እግሩን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ ከከሰሉ አጠገብ ይቀመጣል፤ ጋሽ መክብብም ከሣጥናቸው አንድ ድንጋይ በመዳፋቸው ይዘው፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ፣ ቀስ ብለው ይመጣሉ።

«ይሄ ምንድነው ሐዋ?»

«ድንጋይ።»

«ገልብጪው።»

ስገለብጠው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ መስመር መስመር ያለው ቅርፊት ተጣብቆበት አየሁ። ከአባይ በረሃ እንዳነሱት፣ ባለቤቱም ባሕር ውስጥ ይኖር የነበረ እንስሳ እንደሆነ ነገሩኝና ወደ አባቴ ዞረው፣ «ከአባይ በረሃ እስከ ባሕር ስንት ቀን ያስኬዳል?» አሉት።

«ኧረ የትና የት!»

«እሱ እንግዲህ አልተጓዘም። ባሕሩ ነው እዚያ የነበረው።»

እናቴ አላመነችም። ጋሽ መክብብ ድንጋዩን በቢላ ትንሽ ፋቁና ሎሚ እንድታመጣ ጠየቋት፤ ዱቄቱ ላይ ጠብ ሲያደርጉበት እንደ ጠላ አረፋ ኩፍ ኩፍ አለ። የባሕር ድንጋይ ሎሚ ሲነካው እንዲህ ይላል፣ የካባችሁ ድንጋይ ግን ዝም ነው አሉን። በካባው ድንጋይ ላይም ሞከርነው፤ ዝም አለ።

ተረት ብዬ የማስታውሰው ይህን ነው። ንጉሥም ዝንጀሮም የለበትም። ዝዋይ አጠገብ፣ ዛሬ ውኃው ከማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ነጭ አፈር ውስጥ ስለተገኙ የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች፤ በአመድ ተሸፍኖ ጅማቱ ሳይጠፋ ድንጋይ ላይ ስለቀረ ቅጠል፤ አፈር በጥርስ መሀል ሲታሽ ከተንኮሻኮሸ አሸዋ እንዳለበት፣ እንደ ቅቤ ከለሰለሰ ደግሞ ጭቃ ብቻ እንደሆነ ይነግሩን ነበር። ሥርዓቱ ቀላል ነው ይሉ ነበር፤ ካልተገለባበጠ በቀር ከታች ያለው ታላቅ፣ ከላይ ያለው ታናሽ ነው። እያወሩ መሀል ላይ ድምፃቸው ይወድቃል። ፍሙን እያዩ ዝም ይላሉ፤ አባቴም አይጎተጉታቸውም፤ ደክሟቸው እንደሆነ ያውቃል። እኔ ግን ጨርሱልኝ እያልኩ እነዘንዛቸው ነበር።

ከሁሉም የወደድኩት የቀዩን አፈር ወሬ ነው። የካባችን ጥቁር ድንጋይ አንድ ጊዜ ከመሬት ሆድ ፈልቶ የወጣ፣ እንደ ትኩስ አጥሚት የሚፈስ ነገር ነበር። ፈሰሰ፣ ቀዘቀዘ፣ ዝናብና ፀሐይ ላዩን እየፈረፈሩ አፈር አደረጉት፤ አፈሩ ላይ ሣር በቀለ፣ እንስሳ ሄደበት። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰው የሚባል ገና አልነበረም። ከዚያ እንደገና ፈላና ሁለተኛው ድንጋይ በላዩ ፈሰሰበት፤ የአፈሩንም ላይኛውን ክፍል እንደ ሸክላ ጠበሰው። «በሁለት ጥቁር ድንጋይ መሀል ቀይ መስመር ካየሽ፣ የድሮ ሜዳ ነው» አሉኝ። «አንድ ጊዜ ፀሐይ ሲሞቅ የነበረ።»

በዚያው ዓመት ክረምት ትምህርት ሲዘጋ የአባቴን ምሳ በጨርቅ ቋጥሬ ወደ ካባው የማመላልሰው እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን ፈላጮቹ ሲበሉ የገደሉን ሥር ሥር ስዞር ቀዩን መስመር አየሁት። ከመሬት ከፍታው ከእኔ ቁመት ብዙም አይበልጥም፤ ከላዩ ጥቁሩ ድንጋይ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ደስታዬን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ደበላ የሚባለው ወጣት ፈላጭ በዲጂኖው ጫፍ አንድ ጓል አወጣልኝ፤ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ድስት ልትሠሪ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። በምሳው ጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድኩት።

ጋሽ መክብብ ይደሰታሉ ብዬ ነበር። ጓሉን ተቀብለው በጣታቸው ሲጫኑት እንደ ሊጥ ገባላቸው። ቆንጥረው በጥርሳቸው አሹት፣ ተፉት።

«ስታነሺው እንዲህ እርጥብ ነበር ወይስ መንገድ ላይ ዝናብ መታሽ?»

«ዝናብ አልነበረም። እዚያው ውኃ ያንጠባጥባል።»

«ከድንጋዩ ነው ከአፈሩ?»

«ከአፈሩ።»

አባቴ እስኪገባ በር ላይ ቆመው ጠበቁት። እሑድ ጠዋት ሦስታችን ሄድን። ጋሽ መክብብ መጀመሪያ ከታች፣ ቀጥሎ ከገደሉ ራስ ላይ ወጥተው ሣሩን በእጃቸው እየገለጡ ብዙ ቆዩ። ሣሩ ውስጥ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ ዝናብ ሞልቶታል።

«ላይኛው ከባድ ነው» አሉት አባቴን። «ሥሩ ያለው አፈር ሲደርቅ ይይዛል፣ ሲርስ ሳሙና ነው። የአፈሩ ንጣፍም ወደ እናንተ ያዘነብላል። ከፊት ደግፎ ይዞት የነበረውን ድንጋይ ፈልጣችሁ ሸጣችሁታል።»

«መቼ ይወርዳል?»

«እሱን ማንም ሊነግርህ አይችልም። ነገም ሊሆን ይችላል፣ የዛሬ ዓመትም። እኔ የማውቀው እንደሚወርድ ነው።»

«እንግዲያው ነገ አብረውኝ ይምጡና ለማኅበራችን ሊቀመንበር ይንገሩት። እኔን ማን ይሰማኛል?»

ካባው የአንድ ማኅበር ነበር፤ ያ ወር ደግሞ የምርት ዘመቻ ወር ነው። ጋሽ መክብብ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ደክሞኛል ሰይድ» አሉ። ምክንያቱን በመንገድ ላይ ነገሩት፤ እኔም ከኋላ እየተከተልኩ ሰማሁ። ሕዝብ ሊሰፍርበት የታሰበ አንድ ቆላ አገር ተልከው አፈሩንና ውኃውን አጥንተው፣ ለዚህ ሁሉ ሰው አይበቃም ብለው ጻፉ። ሕዝቡ ሰፈረ። እሳቸው ከጥናት ክፍል ወጥተው የመሥሪያ ቤቱን ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኑ። «ስለተናገርኩ አይደለም የደከመኝ» አሉ፤ «የሰፈረው ሕዝብ ምን እንደደረሰበት ስለማውቅ ነው።» አባቴ ከዚያ በኋላ አልለመናቸውም።

ሰኞ አባቴ ብቻውን ሄደ። ሊቀመንበሩ፣ «ድንጋይ ማስፈራት የጀመረህ ከመቼ ወዲህ ነው?» ብሎ መለሰው። አባቴ ሰዎቹን ይዞ ወደ ማዶው ጥግ ተዛወረ፤ እዚያ ያለው ድንጋይ ስብርባሪ ስለነበር ምርቱ በግማሽ ወረደ። በአራተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ። ያን ዕለት ጠዋት ውኃ ስቀዳ ጋሽ መክብብ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ጠርገው በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው።

«የት ሊሄዱ ነው ጋሼ?»

«አባትሽ ዘንድ» አሉኝ። ፊታቸው ሌሊቱን እንዳልተኙ ይናገር ነበር።

ስብሰባው ላይ የሆነውን አባቴ ማታ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። ጋሽ መክብብ ተነሥተው በአጭሩ አስረዱ። አንድ ካድሬ፣ «ጓድ፣ ድንጋዩ የሚወድቅበትን ቀን ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አላውቅም።»

«ታዲያ ሠራተኛ ሥራ የምታስፈታው በማታውቀው ነገር ነው?»

ሰው ሳቀ። አባቴም ተነሥቶ፣ ከዚያ ሥር ሰው አላስገባም አለ። በዚያው ሰዓት ከአለቅነቱ ሻሩትና በምትኩ ሌላ ሾሙ። ከአሥራ ሁለቱ ፈላጮች ሰባቱ መዶሻቸውን አንሥተው አባቴን ተከትለው ወጡ። አምስቱ ቀሩ። ደበላ ከቀሩት አንዱ ነው፤ ሚስቱ ልትወልድ ቀርባ ነበር።

በማግስቱ ሁለት የቀበሌ ጠባቂዎች መጥተው ጋሽ መክብብን ወሰዷቸው። ምርት የሚያደናቅፍ ወሬ ነዝተዋል ተባለ። ክፍላቸውን ፈተሹ፤ ወርቅ ይኖራል ብለው መሰለኝ ሁለቱንም ሣጥን ግቢው ውስጥ ገልብጠው ሄዱ። እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ከየት እንደተነሣ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ተለጥፋበት ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። እናቴና እኔ ድንጋዮቹን ወደ በረንዳው እስክናገባ ድረስ ወረቀቶቹ ረጥበው ቀለማቸው ፈሰሰ።

ከዚያ በኋላ ሳምንት ዘነበ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አባቴ አጥር ሲጠግን፣ አውሮፕላን የሚመስል ድምፅ ሰማን፤ ግን አላለፈም፤ እዚያው ቆየና ጠፋ። አባቴ ቀና አለ። ዲጂኖውን አንሥቶ በማሳው መሀል ሮጠ። የሰባቱም ቤት እዚያው ሰፈር ነበርና ከየበራቸው ሲወጡ አየኋቸው።

ማታ ሲመለስ እስከ ወገቡ ቀይ ጭቃ ነበር። ሦስቱን በሕይወት አውጥተዋል። ደበላንና አንድ ሌላ ሰው ግን ሬሳቸውን ነው ያገኙት። እናቴ ውኃ አምጥታ ልታጥበው ስትል እጇን ይዞ ከለከላትና ተቀመጠ። ያ ጭቃ ምን እንደሆነ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

ጋሽ መክብብን ገደሉ በወረደ በሦስተኛው ቀን ለቀቋቸው። ይቅርታ ያለ የለም፤ ጠባቂው «ሂድ» ብቻ ነው ያላቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ድንጋዮቻቸውን አዩ። ስለ ወረቀቶቹ አልጠየቁም። እኔ አዲስ ደብተሬን ይዤ መጣሁና ከአጠገባቸው ቁጭ ብዬ አንዱን አነሣሁ።

«ይሄ ከአባይ በረሃ ነው» አልኳቸው። «የሎሚው። ይሄ ከዝዋይ። ይሄኛው ቅጠሉ ነው፤ አመድ የሸፈነው።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔ ስናገር እሳቸው ጻፉ። እሳቸው ሁሉንም እንደሚያውቁት ዛሬ ይገባኛል፤ ያን ጊዜ ግን እኔ የማስታውስላቸው መስሎኝ ነበር። በኩራዝ ብርሃን አንዱን ሣጥን ጨረስን። ስለ አንዳንዶቹ ወሬ ነግረውኝ ስለማያውቁ ዝም ስል፣ እሳቸውም «ተዪው» እያሉ ወደ ጎን አኖሩት።

አባቴ መጥቶ ከጎናችን ተቀመጠ። «ጮክ ብለን ብንናገር ኖሮስ?» አላቸው።

«ጮክ ብለን ነው የተናገርነው ሰይድ።»

መስከረም ሳይጠባ ጋሽ መክብብን ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር አዛወሯቸው። ሁለቱን ሣጥን በጋሪ አስጭነው ሲወጡ እኔን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፤ እንደ ትልቅ ሰው። አንድ ደብዳቤ ላኩ፤ ከዚያ በኋላ አልላኩም። አባቴ ሌላ ካባ ገብቶ ሠራ፤ ስለዚያ ክረምት ግን አንሥቶ አያውቅም። የደበላ ሚስት ሴት ልጅ ወልዳ ወደ ወላጆቿ አገር ሄደች። ካባው ተዘግቶ ውኃ አቆረ፣ በኋላም በቆሻሻ ተሞላ፤ ዛሬ በላዩ ቤት ተሠርቶበታል።

እኔ ድንጋይ አላጠናሁም፤ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ሰዎች እንዲህ ያለውን ወሬ ሲሰሙ ሕይወትሽን ለወጠው ወይ ብለው ይጠይቁኛል። የመሬትን ዕድሜ ሳስብ ጋሽ መክብብ ያዩት የነበረው ያ ሁሉ ዘመን አያጽናናኝም፤ በዚያ ሁሉ መሀል ደበላ ሃያ ምናምን ዓመት ብቻ ነበረው። ከእሳቸው ያስቀረሁት የዚያችን ጠዋት ፊታቸውን ነው፤ እንደማይሰሟቸው እያወቁ ጫማቸውን ጠርገው የቆሙበትን።

የዛሬ ጥቂት ዓመት አባቴ ሲያርፍ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ አምስት ሽማግሌዎች አንድ ላይ ገብተው ተቀመጡ። አላወቅኋቸውም ነበር። አንደኛው በምርኩዙ ተደግፎ ወደ እኔ መጣ፤ ከሰባቱ አንዱ እንደሆነ፣ ሁለቱ በዕድሜያቸው እንደሞቱ፣ ከእነሱ የተረፉት እነዚህ እንደሆኑ ነገረኝ። ከኋላው ሁለት ወንዶች ልጆቹና አንድ የልጅ ልጁ ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ያ መሬት አንባቢው ሰውዬ የት ደረሰ?» አለኝ።

«አላውቅም አባቴ» አልኩት። «ፈልጌ አላገኘኋቸውም።»

«እኛም እንዲሁ» አለና ሄዶ ከጓደኞቹ ጎን ተቀመጠ።