በረዶ ጫሪው

እናቴ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ያላት አንድ በሬ ብቻ ነው። እሱን ከጎረቤታችን በሬ ጋር ታቀናጃለች፣ ጎረቤታችን ደግሞ በጥማዱ የሁለቱንም ቤት መሬት ያርሳሉ። እኔ ቡሬ ከተማ አስተምር ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ በሚያዝያ፣ ወደ ገጠር ብወርድ ደጃፍ ላይ ኩርምት ብላ አገኘኋት።

«መቀናጆው ፈረሰ» አለችኝ። «በሬሽ መሬት ይጭራል፣ የአራሹን መቃብር ነው የሚቆፍር ብሎ እምቢ አለኝ።»

ደሜ ፈላ። ጎረቤታችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈርተው ነው። በእኛ አገር ቆሞ መሬት የሚጭር በሬ ሞት ይጠራል ይባላል። ግን ክረምቱ ሲገባ መሬታችን ጦሙን ሊያድር፣ እናቴም የሰው እጅ ልታይ ነው። ይህን አይቼ ዝም የምል ሴት አይደለሁም።

በዚያው ሳምንት ስለ ሰሜን አገር አጋዘን አስተምሬ ነበር። ካሪቡ ይሉታል። ስሙ ከአገሩ ነባር ሰዎች ቋንቋ የመጣ ነው፤ በረዶ ጫሪ እንደ ማለት ነው አሉ። ብርድ ሲጠና በረዶውን በኮቴው እየጫረ ከሥሩ ያለውን ይበላል። ተማሪዎቼ ሲሰሙ ስቀው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤታችንን ለምኜ ወደ ግጦሹ ወሰድኋቸው። መንገድ ላይ የካሪቡን ነገር ሁሉ አወራሁላቸው።

«ጋሼ፣ እነዚያ ሰዎች ሲጭር አይተው ሞት ጠራ አላሉም። ራበው አሉ፣ ስምም አወጡለት።»

«የፈረንጅ አውሬ ለእኔ ምኔ ነው?» አሉ።

ይዤ የመጣሁትን ዶማ አንሥቼ በሬው የጫረውን ቦታ መቆፈር ጀመርሁ። አፈሩ ደርቋል፣ እጄ ተላጠ፤ አልተውሁም። በመጨረሻ ነጭ የሰርዶ ሥር ወጣ፣ እርጥብ ነው። በሬው መጥቶ ከእጄ ላይ በላው።

«ረሃብ ኖሯል» አሉ ጎረቤታችን። «ግን የሞትሁ እንደሆን አንቺ ነሽ የምታርሽ!»

«አርሳለሁ» አልኋቸው። የምሬን ነበር።

ሰኔ ላይ ጥማዱ መሬታችን ገባ። ጎረቤታችን ጅራፋቸውን እያጮሁ «ና በረዶ ጫሪ!» ሲሉ እናቴ እልል አለች። እኔም አለቀስሁ።

በሬው ብዙ አርሶ፣ አርጅቶ ሞተ። ከዓመታት በኋላ እናቴም አረፈች። መቃብሯ ሲቆፈር መጀመሪያ ዶማ ያነሡት እኒያው ጎረቤታችን ነበሩ።