የጋሽ ሰይድ ቢላ በእኔ እጅ

ዛሬ ጋሽ ሰይድ ቢላቸውን ሰጡኝ!

ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ጋሽ ሰይድ እዚህ ሐይቅ ከተማ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ቢላቸውን የገዛ ልጃቸው እንኳ አይነካውም።

ጠዋት ሐይቁ ዳር ስደርስ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ከግሸን የሚመለሱ መንገደኞች አምስት ዓሣ እስኪበለትላቸው ቆመው ይጠብቃሉ።

«አብሽሪ መምህርት፣ ያዢ» አሉና አቀበሉኝ።

አምስቱንም በለትኩ። አንድ እሾህ አላስቀረሁም!

አንዷ መንገደኛ አፏን ይዛ «የሐይቅ ልጆች እኮ ሲፈጥራችሁ ነው የምትችሉት» አለች።

ጋሽ ሰይድ ሳቁ። «ይቺ? የደብረ ማርቆስ ልጅ እኮ ናት! የመጣች ሰሞን ዓሣው ቢፈራገጥ ጫማዋን ጥላ ነው የሮጠች።»

እውነታቸውን ነው። (አንደኛው ጫማ እስካሁን አልተገኘም።)

ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ ስንቱን ዓሣ አበላሽቼ ነው የለመድኩት።

ቢላውን እንደያዝኩ እጄን ፎቶ አነሳሁና ማርቆስ ላለችው እናቴ ላክሁላት። ልጅ ሆኜ ዓሣ ሲጠበስ አፍንጫዬን ይዤ ከቤት የምወጣ ነበርኩ።

ወዲያው ደወለች። «እጁ የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ እማዬ!»

እናንተስ? እናታችሁ ብታይ እጃችሁን የማትለይበት ሥራ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ አብረን እንኩራ።